ጋራ ዱባን ውጭ ያስቀረ ወረቀት

ባለፈው ክረምት አሰላ ውስጥ ጥርሴን ልታይ ሄጄ ተራ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ዜና ያሰማል። ዜናው ስለ ሩቅ አገሮች ነው። አንድ የጦር ኅብረት አለ፤ አዳዲስ አገሮች እንግባ ብለው ጠይቀዋል፤ ከነባሮቹ አንዳንዶቹ ደግሞ አይሆንም ብለዋል። ከረባት ያሰረ ሰው ምክንያቱን ይዘረዝር ጀመር። ከገቡ የእነሱ ጠላት የእኛም ጠላት ይሆናል። ድንበራቸው ረጅም ነው፣ ማን ይጠብቀዋል? በመካከላቸው ማን እንዳለ በደንብ አናውቅም። ይቆዩ፤ መጀመሪያ የራሳቸውን ቤት ያጽዱ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ያበጠ ጉንጩን በእጁ ደግፎ፣ «እውነቱን ነው። የሰው ጠብ ምን ብለው ይሸከማሉ?» አለ።

ተነስቼ ወጣሁ። ጥርሴን ሳልታይ ቤቴ ገባሁ። ሰውዬው ቴሌቪዥን ላይ የዘረዘረውን ሁሉ፣ ቅደም ተከተሉን እንኳ ብዙም ሳይስት፣ እኔ ከዓመታት በፊት በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት ስለ አገር አይደለም። ገደል አፋፍ ላይ ስላለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነው።

ስሜ ማርታ ነው። ፖሊስ ነበርኩ። የተወለድኩት አሰላ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ የቀረ፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ነበር፤ እናቴ የዲክሲስ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀልን ነው ያደግነው። ይህ በኋላ ከማዕረጌ በላይ ጠቅሞኛል።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ብርድ ልብስና የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ለአዲስ ምልምሎቹ ስለ ሥራ ዘመንሽ አጫውቺያቸው ተባልኩና አንድ ሰዓት ያህል አወራሁ። የሚያስቀውን ነገርኳቸው፤ የሚያኮራውንም ጨመርኩበት። የዘለልኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

የመጀመሪያ ምድቤ በቆጂ ነበር። ሴት ናት፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። ጠዋት ጠዋት ጣቴ በብርድ ደንዝዞ እስክሪብቶ አልይዝ ይለኛል። ሁለት ዓመት ተኩል የሰው አቤቱታ ስገለብጥ አንድ ነገር ገባኝ፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ከተናገረው ሰው በላይ ይታመናል። ያኔ ይህ ደስ ያሰኘኝ ነበር። ከዚያ ጎበሳ ተዛወርኩና የገበያ ቀን ኪስ አውላቂ ሳሯሩጥ ቆየሁ። ደመወዙ የታወቀ ነው፤ እድገቱም የሚመጣው ሰው ከረሳው በኋላ ነው። ሦስተኛው ምድቤ ግን ቀሪ ዕድሜዬን ወሰደው። ስሙን አልጠራም፤ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ሸለቆው የሚወርድበት ወረዳ ነው። ሥራችን ባብዛኛው የተሰረቀ ከብት ፍለጋ ነበር። ሌቦቹ ንጋት ላይ ከደጋው ይነዱና በገደሉ መንገድ ወደ ቆላ ያወርዳሉ። ገደሉን ከወረዱ በኋላ የሚያገኛቸው የለም።

እዚያ ነው ከሃምሳ አለቃ ቱፋ ጋር የተገናኘሁት። ወፍራም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ጠዋት ሰላምታ የማይመልሱ ሰው ነበሩ። በደጋው ሁሉ የታወቁት ዳና በማንበብ ነው፤ እንስሳም ሰውም ሲያልፍ መሬት ላይ ትቶት የሚሄደውን ምልክት። አብሬያቸው የወጣሁ የመጀመሪያ ቀን አንድ ገበሬ ሰባት ከብት ተሰረቅሁ ብሎ ቆሟል። እኔ ደብተሬን ከፍቼ ሰባት ልጽፍ ስል ቱፋ እጄን ያዙኝ።

«ስማቸውን ንገረኝ» አሉት ሰውዬውን።

«ጉራቻ... ዳለቻ... ቡሬ...» አምስት ጠርቶ ዝም አለ።

«አምስት ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። መንገድ ላይ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ቁጥር ስትጠይቂው ሰው ይጨምራል። ስም ስትጠይቂው ከየት ያመጣል?»

ዳና ላይ ከመቆማቸው በፊት ጫማቸውን ያራግፋሉ። ዳናውን አይረግጡም፤ በጎኑ፣ ፀሐይዋን ከፊታቸው አድርገው ይሄዳሉ፤ ጥላው የኮቴውን ጠርዝ ያወጣዋል። ጥሩ ሆኖ የታተመ ኮቴ ሲያገኙ እንዳይጠፋ ከቅርብ ቤት ቅርጫት ተውሰው ይደፉበታል። እየጋጠ የሚሄድ ከብት ይጠማዘዛል፤ የሚነዳ ግን ቀጥ ይላል፤ የኮቴው ጫፍ መሬቱን ቆፍሮ ይሄዳል። ቆሞ የጣለው እበት አንድ ቦታ ይከመራል፤ እየተነዳ የጣለው በመስመር ይበተናል። ሌባው የከብቶቹን እግር በጆንያ ቢጠቀልልም ጤዛው ያጋልጠዋል፤ የገብስ ማሳ ላይ ጤዛው የተራገፈበት ቦታ ጠዋት ጠቁሮ ይታያል። ፀሐይ ሳትበረታ መድረስ ነው። ይህን ሁሉ በቃል አላስተማሩኝም። ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ ቀና ብለው «አንብቢው» ይሉኛል። ስሳሳት ዝም ብለው ይቆማሉ። እስካገኘው ይቆማሉ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው እጃቸው እስካልገባ ድረስ ሪፖርት ላይ «ሌባው» አይሉም። «የነዳው ሰው» ነው የሚሉት። እኔ ስጽፍ «ሌባው» ካልኩ ወረቀቱን ይመልሱልኛል። «አይተሽዋል?» ይሉኛል።

ከእሳቸው ጋር ስምንት ዓመት ሠራሁ። ጡረታ ወጥተው በወረዳው ደጋ ላይ ካሉት ሦስት የላይ ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው ጨፌ ትንሽ መሬት ይዘው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ነው እኔ የጋራ ጥበቃውን ያቋቋምኩት። ሥራው እስከ ዛሬ የምኮራበት ነው፤ አልክድም። ከዚያ በፊት ዳና ቀበሌ ድንበር ላይ ሲደርስ ተከታዮቹ ይቆሙ ነበር፤ ወዲያኛው ቀበሌ እስኪረከብ ድረስ ሌባው ገደሉን ይወርዳል። ሦስቱን ቀበሌዎች ሰበሰብኩና ውል አስፈረምኳቸው። አንዱ ጋ ፊሽካ ከተነፋ ሦስቱም ይወጣሉ፤ ዳና ድንበር ላይ አይቆምም። ሰው ሲበዛ የሚነዱት ሰዎች ከብቱን ትተው ይሸሻሉ፤ ለከብት ብሎ ከሠላሳ ሰው ጋር የሚገጥም የለም። በዓመቱ ስርቆቱ በሦስቱ ቀበሌዎች ቀረ ማለት ይቻላል። ሰዉ «ኅብረቱ» ይለው ጀመር። እኔ ውሉ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ጨምሬ ነበር፤ አዲስ ቀበሌ የሚገባው ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ነው የምትል።

ከጨፌ ወንዙን ተሻግሮ ጋራ ዱባ አለች። ስሟ በኦሮምኛ ከተራራው ጀርባ ማለት ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ድንጋያማ፣ ቤቷ ጥቂት የሆነ ቀበሌ ናት። ወደ ቆላ የሚወርዱት መንገዶች ሁሉ በእሷ ያልፋሉ። እኛ ስንጠነክር ሌቦቹ እሷ ላይ በረቱ። ስለዚህ እንግባ ብለው መጡ።

ያመጣቸው ሁሴን የሚባል ገበሬ ነው። አርባ ዓመት አልፎታል፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ቦቲ ጫማ የሚያደርግ ሰው። ስብሰባው ጨፌ፣ የገበሬዎች መጋዘን ውስጥ ነበር። ተነስቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ተናገረ።

«እኛ ጠመንጃ አይደለም የምንለምነው። ስንጮህ ኑልን ነው የምንለው። እናንተም ስትጮሁ እንመጣለን። የሚነዳው ሰው የሚወርደው በእኛ በር ነው። እኛ ቀድመን እናየዋለን።»

አንድ ሽማግሌ፣ «እናንተ በሳምንት ሁለቴ ትጮሃላችሁ። እኛ እህላችንን መቼ ልናጭድ ነው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ሁሴን አልሳቀም።

ሌላው ተነሳ። «ዳናው ሁልጊዜ እናንተ ጋ ሲደርስ ነው የሚጠፋው። ከመካከላችሁ የሚያስጠጋቸው አለ ይባላል።»

«የሚጠፋው ድንጋይ ስለሆነ ነው» አለ ሁሴን። «መሬታችን ድንጋይ ነው። ኑና እዩት።»

ሁሉም ወደ ኦቦ ቶላ ዞረ። ቶላ የጨፌ ሊቀ መንበር ናቸው። ጨፌና ጋራ ዱባ በወንዙ ዳር ባለ የግጦሽ መሬት ለዓመታት ተካሰዋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቶላ ቀስ ብለው ተነሱ።

«እኔ ብቃወም ቂም ነው ይባላል። ብደግፍም የገዛ ሰዎቼ ፈራ ይሉኛል። ስለዚህ ሳጅን ታጥናልን። ሙያው የእሷ ነው። እሷ ያለችውን እቀበላለሁ።»

አንድ ሳምንት ተሰጠኝ።

በዚያ ሳምንት ጋራ ዱባ አልሄድኩም። መሬቱ ድንጋይ መሆኑን አላየሁም፤ ማን ማንን እንደሚያስጠጋ አንድ ሰው አልጠየቅኩም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሌላ ነበር። ከዞን ኅብረቱን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ለሌሎች ወረዳዎች ምሳሌ ይሆናል ተብሏል። ባለፉት ወራት ሪፖርቴ ላይ የስርቆት ረድፍ ባዶ ነው። ጋራ ዱባ ከገባች ባዶው ረድፍ በአንድ ሳምንት ይሞላል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም በግልጽ አልተናገርኩትም። ቁጭ ብዬ የሙያ አስተያየት ብዬ ጻፍኩ። ከገቡ ጠባቸው ጠባችን ይሆናል። ድንበራቸው ሰፊ ነው፣ ሰዋቸው ጥቂት ነው። ከሌቦች ጋር የሚነካካ እንዳለ ይጠረጠራል። ለአንድ ዓመት ቆይተው ራሳቸውን ያጽዱ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር።

ወረቀቱን ለቱፋ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት።

«ሄደሽ አየሽ?»

«ጊዜ አጣሁ።»

«ይጠረጠራል ይላል እዚህ። ማነው የጠረጠረው?»

«ሰው ይላል፣ ጋሼ።»

«ዳናው ሁሉ በእነሱ መሬት ነው የሚያልፈው። ዓይን ያላቸው እነሱ ናቸው። ዓይንሽን ውጭ ትተሽ ምን ልትጠብቂ ነው?» ወረቀቱን መለሱልኝ። «ድሮ ሌባው ብለሽ ስትጽፊ አስተካክይ ብዬ እመልስልሽ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ።»

ያን ቀን ወደ ቶላ ቤት ሄጄ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ፖሊስ አንዱን ቀበሌ ከሌላው ለየ እንዳይባል ስሜ ባይነሳ ጥሩ ነው አልኳቸው። አነበቡት፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው ስምሽ አይነሳም።»

ስብሰባው ላይ ቶላ ተነስተው፣ «ጨፌ አይስማማም» አሉና ተቀመጡ። ሁሴን ትንሽ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ አራቱን ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ከዞን የመጡት እንግዶች በሳምንቱ መጥተው ሪፖርቱን አይተው አመሰገኑኝ። ዓመቱ ሳይሞላ ዋና ሳጅን ሆንኩ።

ከስብሰባው በኋላ በመጣው ኅዳር ነው። ገብስ ይታጨድ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ስልኬ ጮኸ። ሁሴን ነው። «መጥተዋል። ሰባት ናቸው። መሣሪያ አላቸው። ከብቱን እየነዱ ነው፤ እኛ ስድስት ነን የምንከተላቸው።» ሞተር ብስክሌቱን አስነስቼ ጨፌ ስደርስ የቀበሌው ጥበቃ ወንዙ ዳር ተሰብስቧል። ሠላሳ ሰው ይሆናል፤ ዱላም ጠመንጃም ይዘዋል። ከወንዙ ማዶ ፊሽካ ይሰማል። የሴቶች ድምፅም ይሰማል። «ኑ ገርጋራ! ኑ ገርጋራ!» እርዱን ማለት ነው።

ኦቦ ቶላ ወደ እኔ መጡ። «እንሻገር?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። ያን ጊዜ የታየኝ ግን የፈረምነው ውል ነው። ከሠላሳዎቹ አንዱ ውሉ በማይሸፍነው መሬት ላይ ቢሞት የምጠየቀው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

«አባል አይደሉም» አልኩ። «ትንሽ ጠብቁ፤ ለአዛዥ ልደውል።»

አዛዡ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሰዎቹ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሱም። አንዱ፣ «ሳጅን፣ እየወረዱ ነው እኮ!» አለኝ። እጄን አንስቼ ዝም አሰኘሁት። እንዲህ የቆምነው ሠላሳ ደቂቃ ይሆናል፣ አርባም ይሆናል። ሰዓቴን አላየሁም፤ በኋላ ሌሎች ናቸው የነገሩኝ።

ከኋላችን ቱፋ መጡ። በዱላቸው ተደግፈው፣ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ። ማንንም አልጠየቁም። በመካከላችን አልፈው ወንዙ ውስጥ ገቡ። ውኃው ከጉልበታቸው በላይ ነበር፤ ተንገዳገዱ፣ ቆሙ፣ ቀጠሉ። ቶላ አዩዋቸውና ተከተሉ። ከዚያ ሠላሳውም ገባ። ትእዛዝ ሳልሰጥ ሁሉም ተሻገረ፤ እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ።

ተኩሱን የሰማነው ዳገቱ ላይ ሳለን ነው። ሁለት ጊዜ።

ስንደርስ ሁሴን ከገደሉ አፍ ላይ በጀርባው ተኝቷል። አብረውት የነበሩት አምስቱ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ የአንዱ ክንድ ይደማል። ከብቱ ወርዷል። ማንም አላለቀሰም፤ ያለቀሰችው ኋላ የመጣችው ሚስቱ ዘይነባ ናት። ስትጮህ ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ቆምኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ቱፋ እጄን ይዘው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ወሰዱኝ። ድንጋዩ አልቆ ትንሽ ለስላሳ አፈር ያለበት ቦታ ነው። ውርጩ ገና አልቀለጠም።

«አንብቢው» አሉኝ።

የከብቶቹ ኮቴ ቀጥ ብሎ አልፏል። ከላዩ የሰዎቹ ጫማ። ከዚያ በላይ ደግሞ የቦቲ ጫማ፤ የሁሴን ነው። እርምጃው ሰፊ ነው፤ ይሮጥ ነበር። ከዚያ አጠረ። ከዚያ ቆመ። ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ናቸው፤ ጫፋቸው ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ኋላ ዞሯል። ተረከዙ ሰምጧል። ውርጩ ከሥሩ ቀልጦ ጭቃ ሆኗል፤ አንድ ሰው ለአፍታ ቢቆም እንዲህ አይቀልጥም። ከዚያ እርምጃው እንደገና ወደ ገደሉ ዞሮ፣ አጭር አጭር እየሆነ ይሄዳል።

«ቆሞ ነበር» አልኩ።

«ወዴት ዞሮ?»

«ወደ ወንዙ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለረጅም ጊዜ።»

«ምን ይጠብቅ ነበር?»

እስካገኘው ይቆሙ ነበር ብያለሁ። ያን ቀን ግን አልቆሙም። ዱላቸውን ይዘው ጥለውኝ ሄዱ።

ሪፖርቴ ላይ ያን ዳና አልጻፍኩም።

ከዚያ በኋላ ጋራ ዱባ ዝም አለች። ሌላ ፊሽካ አልተሰማም። ከላይ ቀበሌዎች ከብት ሲሰረቅ ዳናውን ይዘን ወንዙን እንሻገራለን፤ የጋራ ዱባ ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው፣ «አላየንም» ይሉናል። ከብቱ በደጃቸው አልፏል፤ እበቱ አልደረቀም። «አላየንም።» በኋላ እንደተረዳሁት ከሚነዱት ሰዎች ጋር ተስማምተው ነበር። የእኛን አትንኩ፣ እኛም አናያችሁም። ማን ሊፈርድባቸው ይችላል? ባዶ የነበረው የሪፖርት ረድፌ ሞላ፤ ከበፊቱም ባሰ።

ጥፋቱ ሁሉ ኦቦ ቶላ ላይ ወደቀ። ጨፌ አይስማማም ያሉት እሳቸው ናቸው፤ የግጦሹን ጠብ ሁሉም ያውቃል። ጋራ ዱባ ገበያ ላይ ሰላምታ ነሳቻቸው። የእሳቸው ታናሽ እህት እዚያ ተድራ የምትኖር ነበረች። በሁለተኛው ዓመት ታማ ሞተች። እኔም ቀብሯ ላይ ነበርኩ። ቶላ የእህታቸውን መቃብር አፈር ሊያለብሱ አካፋ ሲያነሱ አንድ ወጣት ከእጃቸው ነጠቃቸው። ሌላ አካፋ ሊያነሱ ሄዱ፤ እሱንም ወሰዱባቸው። ጎንበስ ብለው በእጃቸው አፈር ሊዘግኑ ሲሉ ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ይዘው ከመቃብሩ አራቋቸው። አልታገሉም። ዳር ላይ ሄደው ቆሙ። ወደ እኔ ያዩ መሰለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ቱፋ በዚያው ዓመት አሰላ ታመው ተኙ። ልጠይቃቸው ሄድኩ። «ጋራ ዱባ ገቡ?» አሉኝ። «አልገቡም» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ሁሴን ከሞተ ሦስት ዓመት ሲሞላ ሦስቱ ቀበሌዎች ራሳቸው ጋራ ዱባን እንለምን አሉ። ብዙ ከብት አልቋል። ያን ጊዜ በጋራ ዱባ ቃሏ የሚሰማው ዘይነባ ነበረች። አስቀድመሽ ሄደሽ አናግሪያት ተባልኩ። ቤቷ ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በትልቅ መርፌ የገብስ ጆንያ ትሰፋለች። በርጩማ አቀረበችልኝ። ስለ ኅብረቱ ልነግራት አስቤ የወጣሁት ንግግር ነበረኝ። የወጣልኝ ሌላ ነው።

«ዘይነባ፣ ያኔ እንዳትገቡ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ቶላ የእኔን ቃል ነው የተናገሩት።» ሁሉንም ነገርኳት። የባዶውን ረድፍም፣ ወንዙ ዳር የደወልኩትንም።

ጆንያውን ሰፍታ እስክትጨርስ ቀና አላለችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እኛ ኦቦ ቶላ ነው ብለን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እህታቸውን ስንቀብር አፈር ከልክለናል።»

«አውቃለሁ። እዚያ ነበርኩ።»

ያን ጊዜ አየችኝ። «ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? ለእኔ ብትነግሪኝ አንቺ ይቀልልሻል፤ እኔ ይከብደኛል። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ባሌ አይሆንም የተባለው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ ንገሪ።»

«ካልተናገርኩስ?»

«ካልተናገርሽ አንገባም። የማይናገር ሰው ያለበት ውል ውስጥ ምን ልናደርግ እንገባለን?»

እስከ ቅዳሜ አምስት ቀን ነበር። ታምሜያለሁ ልል አሰብኩ። ዝውውር ልጠይቅም አሰብኩ፤ ማመልከቻውን ጽፌ ቀደድኩት። ቅዳሜ ሄድኩ። መጋዘኑ ሞልቶ ሰው ውጭም ቆሟል። ኦቦ ቶላ እንደ ድሮው ከፊት ተቀምጠዋል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ በጣም አርጅተዋል። ዘይነባ ከጋራ ዱባ ሰዎች ጋር በሩ አጠገብ ነበረች። ስብሰባውን የሚመራው ሰው፣ «ሳጅን ማርታ የምትነግረን ነገር አላት» ብሎ አስነሳኝ።

ተናገርኩ። በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ ጨረስኩት፤ ሁሉም እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው። ወንዙ ዳር የጠበቅነውን ስናገር ያን ቀን አብረውኝ የቆሙት ሰዎች ወደ መሬት አዩ። የሁሴንን ዳናም ተናገርኩ። ወዴት ዞሮ እንደቆመ። ዘይነባ ይህን አልሰማችም ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ጨርሼ ቆሜ ቀረሁ። ኦቦ ቶላ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«የእህቴ ቀብር ላይ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«አካፋውን ሲነጥቁኝ አየሽ?»

«አየሁ።»

«እኔ የሰጠሁሽን ቃል ጠብቄ ዝም አልኩ። አንቺ ምን ጠብቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

ብዙ መልስ መደርደር እችል ነበር። እውነተኛው አንድ ነው።

«ማዕረጌን» አልኩ።

ቶላ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ይጻፍ» አሉና ተቀመጡ። ጸሐፊው እኔን እያየ ጻፈው። ከጋራ ዱባ ሽማግሌዎች አንዱ ተነስተው ወደ ቶላ ሄዱና አጠገባቸው ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ጋራ ዱባ ትግባ የሚል እጅ ያውጣ ሲባል መጀመሪያ የወጣው የቶላ እጅ ነው። ተቃውሞ አልነበረም። ሰው ሲበተን አብረን እንሂድ ያለኝ የለም፤ ሞተሬን እየገፋሁ ብቻዬን ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ወረዳው ውስጥ ሁለት ዓመት ተጨማሪ ሠራሁ። አዛዡ ነገሩን ሰምቶ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ በዚያ አለቀ። ጋራ ዱባ በገባች በሁለተኛው ወር ጠዋት ፊሽካ ተነፋ። እኔ ከጣቢያ ስደርስ ሰዉ ቀድሞኝ ሄዷል። ከብቶቹን ገደሉ አፍ ላይ አስጥለዋቸው አገኘኋቸው፤ ሰው አልተጎዳም። የጋራ ዱባ ሰዎች ከሁሉም ፊት ነበሩ። ዘይነባ ከብቶቹን በየስማቸው እየጠራች ለየባለቤቱ ታስረክባለች።

ኦቦ ቶላም እዚያ ነበሩ፤ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰዋል። ሰላም ልላቸው እጄን ዘርግቼ ጠጋ አልኩ። እጄን አላዩትም። ለጎረቤታቸው የሆነ ነገር እያወሩ አለፉኝ። አሁንም አሰላ ለገበያ ሲመጡ አልፎ አልፎ እንገናኛለን። እኔ እቆማለሁ፤ እሳቸው አይቆሙም።